ሞዓ አንበሳ
የሙዚቃ አልበም፤ ጌታቸው መኩሪያ እና ዘ ኤክስ፣ እ.ኤ.አ. 2006

በደባርቅና በዳባት ሠርግ ሽለላ እየሰማ ያደገ ሰው የዚህን አልበም ድምፅ ያውቀዋል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያስጮኹ ታላቅ ሙዚቀኛ ነበሩ። ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ የሆላንድ ፓንክ ባንድ ነው፤ በ2004 ለ25ኛ ዓመት በዓሉ አምስተርዳም ጋበዛቸው። እሳቸው ደግሞ በአልበማቸው እንዲያጅቧቸው ጠየቁ።

የባዕድ ዜማ የሚዋሱ የፓንክ አልበሞች ብዙ ጊዜ የሚከሽፉት ዜማውን ጌጥ ብቻ ሲያደርጉት ነው። እዚህ ግን መሪው ሳክስፎኑ ነው፤ ሻካራዎቹ ጊታሮችና ከበሮው እንደ ተቀባይ ከኋላው ሆነው ፎካሪውን ያግላሉ። ፓንክም ፉከራም ደምን ለማሞቅ የተፈጠሩ ናቸውና ተስማሙ። አልበሙን ከምርጥ የፓንክ አልበሞች ተርታ ያቆምነው ለዚህ ነው።

ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ።