መንገዱን ማሳጠር፦ የአፍጋኒስታን የመንደር ትምህርት ቤቶች

ጦርነት ባደቀቃቸው አገሮች ሴት ልጆች ከትምህርት ገበታ ሲቀሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው የወላጆች ባህል ነው። ከአፍጋኒስታኗ የጎር ግዛት የተገኘው ማስረጃ ግን ከባህሉ በፊት መንገዱ መለካት እንዳለበት ያስገነዝባል።

ዳና ቡርድና ሊ ሊንደን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት 31 መንደሮችንና 1,490 ልጆችን መርምረዋል። በ2007 ከመንደሮቹ ከፊሎቹ በዕጣ ተለይተው ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ የቀሩት አንድ ዓመት ጠበቁ። አዲስ ሕንፃ አልተገነባም። መንደሩ ከመስጊዱ ወይም ከመኖሪያ ቤት አንድ ክፍል ይሰጣል፤ የሚያስተምረው ከዚያው አካባቢ የተገኘ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ ሥርዓተ ትምህርቱ የመንግሥት ነው።

በውጤቱም የተመዝጋቢ ልጆች ድርሻ በ42 መቶኛ ነጥብ ከፍ አለ። የሴቶቹ ጭማሪ 52፣ የወንዶቹ 35 ነበር፤ በጾታዎቹ መካከል የነበረው የ21 ነጥብ የምዝገባ ልዩነትም ከሞላ ጎደል ተዘጋ። የፈተና ውጤትም በ0.51 መደበኛ ልይይት ተሻሻለ። ትምህርት ቤቱ በአንድ ማይል በራቀ ቁጥር ደግሞ የሴቶች ምዝገባ በ19፣ የወንዶች በ13 ነጥብ ያሽቆለቁላል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በአንድ ዓመት ውስጥ የአባቶች እምነትም ሆነ የመንደሩ ወግ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ርቀቱ ነው። ባህል ሚና የለውም ማለቴ አይደለም። ልጁን ብቻዋን ሩቅ መንገድ መስደድ የሚከብደው አባት፣ መምህሩን ከነዘር ማንዘሩ በሚያውቅበት በጎረቤት ቤት ስትማር ግን እሺ ይላል። ወጉ ጉልበት የሚያገኘው መንገዱ ሲረዝም ነው።

መምህራኑ በቂ ሥልጠና የላቸውም የሚለው ሥጋት ተገቢ ቢሆንም፣ ጥናቱ ትምህርታቸው ከመደበኛው ጋር የሚነጻጸር መሆኑን ያመለክታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደመወዛቸው ነው። መንደሩ ክፍል ሰጠ ማለት ደመወዝ መክፈል ይችላል ማለት አይደለም። የእርዳታ ገንዘቡ ሲያልቅ «ለማኅበረሰቡ ተረከበ» ተብሎ የሚጻፈው ሪፖርት ሸክሙን በድሃ ገበሬ ትከሻ ላይ ይጥላል። መምህራኑ ቋሚና አስተማማኝ ደመወዝ ሊኖራቸው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ሥልጣን በያዘው የታሊባን አገዛዝ ሥር ሴት ልጆች ከ6ኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ተከልክለዋል። ይህን ክልከላ የመንደር ትምህርት ቤት አይሰብረውም። ለጎር ልጅ የተፈቀዱላት ስድስት ዓመታት ብቻ ስለሆኑ፣ ደመወዝ ተቋርጦ ክፍሉ የሚዘጋበት እያንዳንዱ ዓመት ከስድስቱ ላይ የሚቀነስ ነው።