እንቁላሉን የወጋ መርፌ

ጫጩት ከእንቁላል ለመውጣት 21 ቀን ይበቃታል። በትልልቅ ማስፈልፈያዎች በ18ኛው ቀን ገደማ ማሽን ቅርፊቱን በስቶ ክትባት ይወጋል። በካናዳዋ ኩቤክ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከክትባቱ ጋር ሴፍቲዮፉር የተባለ አንቲባዮቲክም አብሮ ይገባ ነበር። ጫጩቷ አልታመመችም፤ ገና አልተፈለፈለችም። ስትወጣ እምብርቷ እንዳያመረቅዝ ተብሎ ነው።

ሴፍቲዮፉር የእንስሳት መድኃኒት ነው። የቅርብ ዘመዱን ሴፍትሪያክሶንን ግን አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ያስታመመ ሰው ያውቀዋል። ሳልሞኔላ የተባለው ጀርም ከአንጀት አልፎ ደም ውስጥ ሲገባ፣ በተለይ ሕፃን ላይ፣ ሐኪም ከሚተማመንባቸው ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሴፍቲዮፉርን የተላመደ ሳልሞኔላ ደግሞ ሴፍትሪያክሶንንም አይፈራም።

የካናዳ የክትትል ባለሙያዎች እንደማንኛውም ሸማች ከሱቅ ዶሮ እየገዙ ይመረምሩ ነበር። ኩቤክ ውስጥ ካገኙት፣ ሃይደልበርግ ከተባለው የሳልሞኔላ ዓይነት 62 በመቶው ሴፍቲዮፉርን የተላመደ ሆነ። ከታመሙ ሰዎች የሚገኘውም አብሮ ከፍ ብሎ ነበር። በ2005 ማስፈልፈያዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው የሴፍቲዮፉሩን መርፌ አቆሙ፤ በ2006 ቁጥሩ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ቆየት ብለው በከፊል ሲመለሱበት ወደ 20 ወጣ። ስለዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ የዚህን ያህል ግልጽ ማስረጃ አላጋጠመኝም፤ ቧንቧ ሲከፈትና ሲዘጋ የማየት ያህል ነው።

ለመሆኑ ያልታመመ ዶሮ መድኃኒት መውሰድ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ነገሩ ከአተላ ይጀምራል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ የተባሉ የአሜሪካው ሌደርሌ ኩባንያ ተመራማሪዎች ለዶሮ መኖ ርካሽ የቫይታሚን ቢ12 ምንጭ ይፈልጉ ነበር። ኦሪዮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ተጠምቆ ሲወጣ የሚቀረውን ዝቃጭ ለጫጩቶች ሰጡ። የጠላ አተላ ለከብት መስጠት ለእኛ አዲስ አይደለም። ይህኛው አተላ ግን ጫጩቶቹን ከቫይታሚኑ አቅም በላይ አፋፋቸው፤ መድኃኒቱ ተርፎበት ነበርና። ግኝቱ በ1950 ይፋ ሲሆን ትልቅ ደስታ ፈጠረ። ብዙም ሳይቆይ አንቲባዮቲክ በጆንያ የሚሸጥ የመኖ ቅመም ሆነ።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ፣ ጀርምን በማይገድለው መጠን መድኃኒት መንካት ማለማመድ እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር። መኖው ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየቀኑ። ይባስ ብሎ ከ1955 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የታረደ ዶሮ ቶሎ እንዳይበላሽ ኦሪዮማይሲን በተበጠበጠበት ውኃ እንዲነከር ተፈቀደ። ፈቃዱ የተነሳው በ1966 ነው።

የሚያስጠነቅቅ ሰው አልጠፋም። በ1969 የብሪታንያው የስዋን ኮሚቴ ለሰው ሕክምና የሚፈለግ መድኃኒት ለእንስሳት ማደለቢያ እንዳይውል መከረ። በ1976 አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቱዋርት ሌቪ ማሳቹሴትስ ውስጥ ለግማሾቹ ጫጩቶች ቴትራሳይክሊን ያለበት መኖ፣ ለግማሾቹ የሌለበት አብልቶ ያገኘውን አሳተመ። በጥቂት ወራት ውስጥ የተላመዱት ጀርሞች መድኃኒቱን ባልወሰዱት የእርሻው ቤተሰቦች አንጀት ተገኙ። በዓመቱ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊንን ከመኖ ለማስወጣት ሐሳብ አቀረበ፤ የአገሪቱ ምክር ቤት (ኮንግረስ) አስቆመው። ማደለቢያነቱ የቀረው በ2017 ነው። አርባ ዓመት!

እኔን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ የ1974ቱ ፍርድ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ማኅበር በጥሬ ሥጋ ላይ ስለ ሳልሞኔላ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ ብሎ የግብርና ሚኒስቴርን ከሰሰ። ዋሽንግተን ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት አልተቀበለም፤ የቤት እመቤቶች ሞኝ አይደሉም፣ ሥጋ እንዴት እንደሚበስል ያውቃሉ አለ። ሙገሳ ይመስላል፤ ሸክሙን ግን ከእርሻና ከቄራ አውርዶ ወጥ ቤት ላይ ጣለው። በ1994 አንድ አደገኛ የኢ ኮላይ ዓይነት በተፈጨ የበሬ ሥጋ ላይ ሲገኝ ሥጋው ለሽያጭ አይበቃም ተባለ። ሳልሞኔላ ያለበት ጥሬ ዶሮ ግን መሸጡን ቀጠለ።

ወጥ ቤቱን ካነሳን አይቀር፣ መድኃኒት የተላመደ ሳልሞኔላ እሳትን አልተላመደም፤ 74 ዲግሪ ከደረሰ እንደ ሌላው ይሞታል። በሰዓታት እሳት የበሰለ ዶሮ ወጥ አያሰጋም። የሚያሰጋው ከዚያ በፊት ያለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ የሚኖር የእኛ ሰው ዶሮውን 12 ቦታ በልቶ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ሳያጥብ ድስት አያስገባም። የአሜሪካ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ አትጠቡ ይላሉ፤ ፍንጣቂው ሰላጣው ላይ ያርፋልና። እናቶቻችን ይህን ምክር ቢሰሙ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም።

አደጋው የወሬ አይደለም፤ በ2013 እና 2014 ከአንድ የካሊፎርኒያ አምራች ዶሮ ጋር በተያያዘ 634 ሰዎች ታመሙ። ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደው ያው ሃይደልበርግ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የኩቤክን ትምህርት አወሳሰበው። አሜሪካ በ2012 እንቁላል ውስጥ የሚሰጠውን የሴፍቲዮፉር መርፌ ከልክላለች። ሆኖም ሳልሞኔላ ኢንፋንቲስ የተባለ ዓይነት ሴፍትሪያክሶንን ተላምዶ በሱቅ ዶሮ ተስፋፋ፤ በ2018 እና 2019 በ32 ክፍላተ ግዛት 129 ሰዎችን አሳመመ። ዋናው ተሸካሚ በመጀመሪያ በእስራኤል ኢንፋንቲስ ላይ የተገለጸ ትልቅ ፕላስሚድ (ከጀርም ወደ ጀርም የሚተላለፍ የዘረመል ቀለበት) ነው። ብዙ መድኃኒቶችን የሚያከሽፉ ዘረመሎች በአንድ ገመድ እንደታሰረ ጭነት ተያይዘውበታል። ከመካከላቸው አንዱ መድኃኒት በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ሌሎቹም አብረው ይጓዛሉ። አንዱን ቧንቧ ብቻ መዝጋት እንግዲህ እንደ ኩቤኩ አይበቃም።

በ2024 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር፣ የሳልሞኔላው መጠን ከተወሰነ ደረጃ የደረሰና ከተመረጡት ዓይነቶች አንዱ የተገኘበት ጥሬ ዶሮ እንዳይሸጥ የሚል ረቂቅ አወጣ። በሚያዝያ 2025 ሰረዘው። ለዶሮ የተመረጡት ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ ኢንፋንቲስ ድሮውንም አልነበረበትም።