ያልወረደው መጋረጃ፦ የመድረክ እሳትና የጥንቃቄ ደንብ ታሪክ

እሳት ከመድረክ ጥበብ ጋር የቆየ ጉርብትና አለው። ኤሌክትሪክ ከመስፋፋቱ በፊት ቴአትር ቤቶች የሚበሩት በሻማና በዘይት፣ ኋላም በጋዝ ሲሆን፣ ከነበልባሉ ጥቂት ክንድ እልፍ ብሎ ሸራ፣ ገመድና ስስ ጨርቅ ይንጠለጠል ነበር። ዛሬ በመድረክ ላይ ርችትና የእሳት ትርኢት የሚያሳዩ ባለሙያዎች የሚተዳደሩባቸው ደንቦችም በአመዛኙ የተጻፉት በአደጋ ማግሥት ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1881 በቪየና የሪንግ ቴአትር ከጋዝ መብራት በተነሣ ቃጠሎ፣ በይፋ እንደተቆጠረው፣ 384 ሰዎች አለቁ። በ1887 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ 186 ሰዎች በተመሳሳይ ምክንያት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ መድረኩን ከአዳራሹ የሚለይ፣ እሳት የማይበግረው መጋረጃ በአውሮፓ እየተለመደ መጣ።

ይሁን እንጂ መጋረጃ መስቀል ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን የቺካጎው አይሮኮይ ቴአትር አሳየ። ቤቱ በኖቬምበር 1903 ሲከፈት እሳት ፈጽሞ እንደማይነካው ተነግሮለት ነበር። ዲሴምበር 30 ቀን፣ አዳራሹ በሴቶችና በሕፃናት ተሞልቶ ሳለ፣ ከአርክ መብራት የተፈናጠረ ፍም ጨርቅ አቀጣጠለ። የአስቤስቶስ መጋረጃ የተባለው ሲለቀቅ መንገድ ላይ ተይዞ ቀረ። ተዋንያኑ ለማምለጥ የኋላውን በር ሲከፍቱ የገባው ነፋስ ነበልባሉን በመጋረጃው ሥር ወደ ተመልካቹ ገፋው። ከመውጫዎቹ አንዳንዶቹ ተቆልፈው፣ ሌሎቹም ሕዝቡ በማያውቀው መወርወሪያ ተዘግተው ስለነበር ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። በግፊት ብቻ የሚከፈተው የአደጋ ጊዜ በር መክፈቻ በ1908 ለገበያ የቀረበው ይህ እልቂት ካሳደረው ሐሳብ ነው።

የተቃራኒው ምሳሌ በ1911 በኤዲንብራ ታየ። ታላቁ ላፋዬት የተባለው የምትሃት ባለሙያ ትርኢቱን በሚያሳይበት ሰዓት መድረኩ በእሳት ተያያዘ። መጋረጃው ግን በጊዜው ወረደ፤ ሙዚቀኞቹም ብሔራዊ መዝሙር በመምታታቸው 3,000 ያህል ተመልካች በሥርዓት ወጥቶ ተረፈ። ላፋዬት ራሱና ሌሎች ከመጋረጃው በስተጀርባ የነበሩ ሰዎች ግን ሕይወታቸውን አጡ። መጋረጃው ተመልካቹን እንጂ ሠራተኛውን አልጠበቀም።

በ1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በተመልካች አቅራቢያ ለሚተኮስ ርችት ራሱን የቻለ መመዘኛ አወጣ። በዚህም መሠረት ርችቱ ከተመልካች ቢያንስ 4.6 ሜትር፣ ፍንጣሪው ከሚወድቅበት ርቀትም እጥፍ መራቅ ነበረበት፤ ፈቃድ፣ የሠለጠነ ተኳሽና የእሳት ማጥፊያም ግዴታ ሆኑ።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2003፣ በሮድ አይላንድ ግዛት በአንድ የምሽት ክበብ ያለ ፈቃድ የተተኮሰ ርችት፣ ድምፅ ለማፈን በግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጠለ። አውቶማቲክ የውሃ መርጫ አልነበረም። ሕዝቡ በገባበት በር ለመውጣት ሲሻማ ተረጋገጠ፤ 100 ሰዎች ሞቱ። በዚህ ጊዜ የጎደለው የደንብ ጽሑፍ ሳይሆን የሚያስፈጽመው ሰው ነበር።

በብሪታንያ ቴአትር ቤቶች የመከላከያ መጋረጃው በእያንዳንዱ ትርኢት በተመልካች ፊት አንድ ጊዜ እንዲወርድ የሚያዝ የቆየ ደንብ ነበር። የመድረክ ባለሙያ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መከላከያው መኖሩ ብቻ ሳይሆን መሥራቱም ትርኢቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ በዓይን መታየት አለበት።