የጭማቂን ምሬት የሚቀንሱት ኢንዛይሞች እንዴት ይሠራሉ?

ከገዳሪፍ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው የሱዳኗ ከሰላ በጋሽ ወንዝ ዳርቻ በሚገኙ የፍራፍሬ እርሻዎቿ ትታወቃለች። ወንዙ ከኤርትራ ደጋማ ስፍራ ይነሣል፤ በዚያም መረብ ይባላል። የሚፈሰው በክረምት ብቻ ቢሆንም በሚሞላው የከርሰ ምድር ውሃ ሙዝ፣ ብርቱካንና ግሬፕፍሩት ይለማሉ። ግሬፕፍሩትን ግን ምሬቱን ስለማይወዱት ያለ ስኳር የማይጠጡት በርካቶች ናቸው።

ምሬቱ ከየት ይመጣል?

ዋነኛው ምንጭ ናሪንጂን የተባለ ውህድ ነው። በብዛት የሚገኘው በልጣጩ ሥር ባለው ነጭ ክፍልና የፍሬውን ገጽታዎች በሚለያየው ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። በመሆኑም ፍሬው ጠበቅ ተደርጎ ሲጨመቅ ጭማቂው ይበልጥ ይመራል። ቤት ውስጥ ነጩን ክፍል ማንሣትና ለስለስ አድርጎ መጭመቅ ምሬቱን ይቀንሳል።

ኢንዛይሙ ምን ይሠራል?

ስኳር ምሬትን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። ናሪንጂኔዝ የተሰኘው ኢንዛይም ግን ምንጩን ያፈርሳል። ኢንዛይሙ አስፐርጊለስ ናይጀር ከተባለ ሻጋታ የሚመረት ሲሆን ሥራውን በሁለት ደረጃ ያከናውናል። በመጀመሪያ ራምኖስ የተባለውን ስኳር ከናሪንጂን ይነጥላል፤ የሚቀረው ፕሩኒን ምሬቱ የናሪንጂንን ሲሶ ያህል ነው። ቀጥሎ ግሉኮስን ሲነጥል ምሬት የሌለው ናሪንጄኒን ይቀራል።

ኢንዛይሙን በጠጣር ነገር ላይ አጣብቆ ጭማቂውን በላዩ ማሳለፍ ደጋግሞ ለመጠቀም ያስችላል። ጭማቂው በመጨረሻ ሲሞቅ ጀርሞች ይሞታሉ፤ በውስጡ የቀረ ኢንዛይምም ሥራውን ያቆማል።

የማይፈታው ችግር

አንዳንድ የብርቱካን ዝርያዎች ሲጨመቁ ጣፋጭ ሆነው ከሰዓታት በኋላ ይመራሉ። ምክንያቱ ሊሞኒን የተባለ ሌላ ውህድ ነው። ናሪንጂኔዝ በዚህኛው ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ ፋብሪካዎች ሊሞኒንን በሚስቡ ሙጫ መሰል ቁሶች ያጣሩታል።

መድኃኒት ለሚወስዱ

ምሬቱ የተቀነሰ ጭማቂ ከመድኃኒት ጋር ለመውሰድ ደኅና ነው ማለት አይደለም። በግሬፕፍሩት ውስጥ ያሉት ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች በአንጀት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብር ኢንዛይምን ያግዳሉ። ናሪንጂኔዝ እነዚህን አያስወግድም። በዚህም ሳቢያ ለኮሌስትሮል የሚታዘዘው ሲምቫስታቲን ወይም ለደም ግፊት የሚሰጠው ፌሎዲፒን በደም ውስጥ ከሚፈለገው በላይ ሊጨምር ይችላል። እነዚህን የሚወስዱ ሰዎች ጭማቂውን ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል።