አዋጅ ጉለሌ የሚደርስበት መንገድ

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ያልተለመደ አዋጅ አስነገሩ። ግብር አይጨምርም፣ ዘመቻም አይጠራም። ሰውን በሥራው መስደብን የሚከለክል ነበር። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ የሚያዋርድ ሁሉ አፉን እንዲሰበስብ ታዘዘ።

ዛሬ በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ በሚባለው አካባቢ ይህ አዋጅ የማይነካው ሰፈር ጥቂት ነው። ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች መንደር ሆነ፤ ቀጨኔ ደግሞ የሸክላ ሠሪዎች። አዋጁ ተነገረ፣ ተሰማ። ስድቡ ግን ከአዋጅ አስነጋሪው ዕድሜ በላይ ቆየ፤ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ልጅ ከምኒልክ በኋላ በነበሩት መንግሥታትም «ቡዳ» መባል አልቀረላትም። መንግሥት አዲስ ሕግ ማውጣቱን ለሕዝብ መንገር አንድ ነገር ነው። ተመልሶ መጥቶ «እንዴት ሆነላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነው። የጉለሌ ታሪክ በመጀመሪያው የበለጸገ፣ በሁለተኛው ግን የደኸየ ነው።

ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ከመውረዳቸው በፊት አካባቢው የጉለሌ ኦሮሞዎች ነበር። በገዳ ሥርዓት ሕግ የሚታወጀው በጉባኤ፣ በሕጉ በሚተዳደሩት ሰዎች ፊት ነው። ቤተ መንግሥቱ ይዞት የመጣው ሥርዓት ከዚህ ይለያል። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ገበያተኛው ይሰበሰባል፣ አዋጅ ነጋሪው «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል፣ ያነባል፣ ይሄዳል። ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። ጥያቄ ያለው ሰው በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ግቢው ደጃፍ ቆሞ ጉሮሮው እስኪነቃ «አቤት! አቤት!» ይላል። አዋጁ ወደ ታች በከበሮ ይወርዳል፣ አቤቱታው ወደ ላይ በሰው ጉሮሮ ይወጣል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ወንበር አልነበረም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ድንበር ሲሻገር ትልቁ ነጋሪት አዲስ አበባ ላይ ተጎስሞ የክተት አዋጅ ተነበበ። ከነጻነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ሕግ በ«ነጋሪት ጋዜጣ» እየታተመ ይወጣ ጀመር። ወረቀቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር የሚታተመው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ስንቱ ማንበብ ይችል ነበር? ከበሮው ቢያንስ ለማይም ይሰማ ነበር። በ1940ዎቹ ማብቂያ ላይ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን በቀጥታ መምረጥ ቢጀምርም፣ ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ ፓርቲም አልነበረም። እንደራሴው ለመራጩ የሚያስረዳው ብዙ ነገር አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ነገሩ የተገለበጠው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም፤ ለመኖሪያ የሚፈቀደውም ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ነው። ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ። ትናንት ኪራይ ተቀባይ የነበረ ዛሬ ባዶ እጁን ቀረ፤ ተከራዩም የተቀነሰ ኪራይ ለቀበሌ ይከፍል ጀመር።

ይህን አዋጅ የሚያስረዳ ሰው መንደር ውስጥ መኖር ነበረበት። እሱም የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ዳገቱን እየወጣ ስብሰባ ይጠራል፣ ነዋሪው ይሰበሰባል፣ የውይይት ክበብ ይቋቋማል፣ ስለ ሶሻሊዝም ይተነተናል። ቀበሌው ግን አስረጂ ብቻ አልነበረም። ስኳርና ዘይት የሚታደለው በእሱ ነው፣ የፍርድ ሸንጎው የእሱ ነው፣ የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃም የእሱ ነው። ቀይ ሽብር በመጣ ጊዜ ስብሰባ ላይ ያልተገኘ ሰው ለምን እንዳልተገኘ ማስረዳት ነበረበት። እጅ የሚያወጣው ለመደገፍ እንጂ ለመጠየቅ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ነዋሪው ፊቱን የሚያውቀው፣ ቤቱ የሚደርስ መንግሥት ያገኘው ያኔ ነው። ይህን መካድ አይቻልም።

ጎን ለጎን የዕድር ጥሩምባ ነበር። ንጋት ላይ ነፊው ሲነፋ ሰው ከአልጋው ይነሳል፤ የሚጠራው ለቀብር ነው። ዕድር ስብሰባ ያስጠራል፣ መዋጮ ያስከፍላል፣ የቀረውን ይቀጣል፤ ዳኛውን ግን አባላቱ ይመርጡታል፣ ይሽሩታልም። ባለሥልጣናትም መልእክት ማድረስ ሲፈልጉ ዕድሮችን ደጋግመው መያዛቸው በአጋጣሚ አይደለም።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መንገዱ በጽሑፍ ተቃና። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፣ በመካከልም አንድ ወር ያርፋል። ዕረፍቱ በተግባር አባላቱ ወደ መራጮቻቸው የሚወርዱበት ጊዜ ሆኗል። መራጩ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ እንዲያነሳም አንቀጽ 54 ይፈቅዳል። መንደር ውስጥ ግን ከተወካዩ ይልቅ መዋቅሩ ይታይ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትከፈል ጉለሌ አንዱ ሆነ፤ ቀበሌዎቹም ቆይተው ወደ ወረዳ ተጠቃለሉ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ደግሞ «አንድ ለአምስት» መጣ፤ አምስት ሰው በአንድ ሰው በኩል ይሰማ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ የቤት ሕግ ወጣ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320። አከራይና ተከራይ ውላቸውን በጽሑፍ አድርገው እንዲያስመዘግቡ ያዛል፤ የኪራይ ጭማሪም አከራዩ በፈለገው ቀን የሚያደርገው መሆኑ ቀረ። የ1967ቱ አዋጅ ቤቱን ከባለቤቱ ወሰደ፤ ይኸኛው ቤቱን ለባለቤቱ ትቶ ውሉን ወደ መዝገብ አመጣ።

እንዲህ ያለ ሕግ የሚብራራበትን የወረዳ አዳራሽ ያየ ሰው ያውቀዋል። ከፊት ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ማይክሮፎን፤ ከኋላ የፕላስቲክ ወንበር። ገለጻው ይረዝማል፣ ጥያቄው በዙር በዙር ይሰበሰባል፣ ማሳረጊያውም «ያልመለስነውን ይዘን እንሄዳለን» ነው። ተይዞ የሄደው ጥያቄ የት እንደ ደረሰ ለመንገር የሚመለስ ሰው ግን ብርቅ ነው። የወረዳው ሠራተኛ ተሿሚ ስለሆነ በዚህ እሱን ብቻ መውቀስ አይገባም። መመለስ ያለበት የተመረጠው ነው።

የጉለሌ አንባቢ ሆይ፣ የመረጥከውን የምክር ቤት አባል ስሙን ታውቃለህ? ካላወቅኸው ጠይቅ። ምክር ቤቱ ዕረፍት ሲወጣ አባሉ በወረዳህ መቼ እንደሚገኝ አጣራ፤ ባለፈው ዙር ተይዞ የሄደውን ጥያቄህንም ጽፈህ ያዝ።