ዶቅዶቄና ጭልፊት፦ ሁለት ሞተር ሳይክሎች፣ አንድ ፎቶና አንድ ዓመት

ሁለት ጓደኞች አሉኝ። ሁለቱም ሞተር ሳይክል የላቸውም። ስለ ሞተር ሳይክል ሲከራከሩ ግን ማኪያቷቸው እስኪቀዘቅዝ ነው። አንደኛው የክሩዘር ወዳጅ ነው፤ ያ ዝቅና ረዘም ያለው፣ ብረቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው፣ ነጂው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሰው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚሄድበት። ሁለተኛው የስፖርት ሞተር አፍቃሪ ነው፤ ያ በፕላስቲክ ሽፋን የተጠቀለለው፣ ነጂው ደረቱን ከቤንዚን ታንከሩ ላይ ለጥፎ የሚበርበት።

«ያንተ እኮ ሞተር ሳይሆን ወንበር ነው» ይላል ሁለተኛው። «ያንተ ደግሞ የሬሳ ሳጥን ነው፤ ጎማ ተገጥሞለታል» ይመልሳል አንደኛው። ሰሞኑን መሃላቸው ተቀምጬ «በቃ አንቺ ፍረጂ» ተባልኩ። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ከመፍረዱ በፊት ማጣራት አለበትና ማጣራት ጀመርኩ። ያገኘሁት ግን ፍርድ ሳይሆን ታሪክ ነው። እነሆ ለእናንተም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አያቴ ሁለቱንም ብታያቸው አንድ ስም ነው የምትሰጣቸው፦ ዶቅዶቄ። አማርኛችን ይህን ማሽን የጠራው በመልኩ ሳይሆን በድምፁ ነው። የሚገርመው ግን ከሁለቱ «ዶቅ ዶቅ» የሚለው አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። የሌላው ድምፅ ፉጨት ወይም ጩኸት ቢባል ይቀላል። ልዩነቱ ከየት መጣ?

መንገዱ አጥንት ሰጣቸው

መጀመሪያ የመጣው ከመንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኢንዲያን የተባለው ኩባንያ በ1901 በማሳቹሴትስ፣ ሃርሊ ዴቪድሰን ደግሞ በ1903 በሚልዋኪ ሥራ ጀመሩ። አገሩ ሰፊ ነው፤ ከከተማ ከተማ ያለው ርቀት የትየለሌ ነው፤ መንገዱ አድማስ እስኪነካ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የሚያስፈልገው ቶሎ የሚታጠፍ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ የማያደክም ማሽን ነው። የፊት ሹካው ጋደል ብሎ ወደ ፊት ሲወጣ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ሲረዝም፣ ሞተሩ አቅጣጫውን ጠብቆ ይሄዳል። ለመታጠፍ ግን ይሰንፋል። ወንበሩ ዝቅ ያለ በመሆኑ ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው እንኳ ሲቆም እግሩ መሬት ይደርሳል (ይህ ለእንደኔ ዓይነቷ ትልቅ ነገር ነው)።

የሃርሊ ሞተር ሁለት ትላልቅ ሲሊንደሮች አሉት፤ እንደ እንግሊዝኛው ቪ ፊደል በ45 ዲግሪ ተከፍተው የቆሙ። ሁለቱ ፒስተኖች የተያያዙት ከአንድ የክራንክ ፒን ጋር ስለሆነ ፍንዳታቸው እኩል ጊዜ ጠብቆ አይመጣም፤ አንዱ ቶሎ ይከተላል፣ ሌላው ይዘገያል። ያ የሚነክስ የልብ ምት የሚመስል ድምፅ ከዚህ የመጣ ነው። ጉልበቱም የሚገኘው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ነው። ዶቅ... ዶቅ ዶቅ።

የእንግሊዝ መንገድ ሌላ ነው። ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ አጥር ነው፣ በየመቶ ሜትሩ ይታጠፋል። በአይል ኦፍ ማን ደሴት ከ1907 ጀምሮ የሚካሄደው ውድድር ዝነኛ መስመር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሲሆን ከ200 በላይ ኩርባዎች አሉት፤ በሕዝብ መንገድ ላይ። እዚያ የሚያሸንፈው ቀላል፣ አጭር፣ ቶሎ የሚያጋድል ማሽን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የእንግሊዝ የሠራተኛ ልጆች ይህን የውድድር መልክ ወደ ከተማ አመጡት። ለንደን ውስጥ ኤስ ካፌ የሚባል የሾፌሮች ሻይ ቤት ነበር፤ በ1938 ተከፍቶ፣ በ1940 በቦምብ ፈርሶ፣ በ1949 እንደገና ተሠራ። ወጣቶቹ እዚያ እየተሰበሰቡ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም ወደ 160 ኪሎ ሜትር፣ ለመግባት ይፎካከሩ ነበር። የተገዛውን መሪ አውልቀው ዝቅ ያለ ይገጥማሉ፣ የእግር ማሳረፊያውን ወደ ኋላ ይስባሉ፣ የትራያምፍን ሞተር አውጥተው በኖርተን ሻንሲ ውስጥ ይተክላሉ። ለዚህ ቅልቅል ስም እንኳ አወጡለት፦ ትራይተን። የዛሬው ስፖርት ሞተር አቀማመጥ የአጎንባሹ አቀማመጥ ነው፤ አጎንባሾቹም እነዚህ ልጆች ነበሩ።

ፎቶው ባህርይ ሰጣቸው

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የመንገድና የብረት ጉዳይ ነው። ጓደኞቼ የሚጨቃጨቁት ግን ስለ ሹካ ማዘንበል አይደለም። አንዱ «ነፃነት» ይላል፣ ሌላው «ወኔ» ይላል። ይህንን ያመጣው ማነው? እዚህ ላይ የእኔ ሙያ ይገባል።

በ1947 በሐምሌ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ የነፃነት በዓል ሰሞን፣ ሆሊስተር በምትባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ የሞተረኞች ስብሰባ ነበር። ብዙዎቹ ከጦርነት የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። ሰካራም በዛ፣ በመንገድ ላይ እሽቅድምድም ሆነ፣ ፖሊስ ብዙዎችን አሰረ። ከተማዋ ግን አልነደደችም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ላይፍ መጽሔት አንድ ፎቶ በሙሉ ገጽ አተመ፦ ወፍራም ሰው፣ ሃርሊ ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ጠርሙስ ይዞ፣ ከጎማው ሥር ባዶ የቢራ ጠርሙሶች ተከምረው። በቦታው የነበረ የከተማዋ ነዋሪ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጠርሙሶቹ ተሰብስበው የተደረደሩት ለፎቶው ሲባል መሆኑን ተናግሯል። ተስተካክሎ ይሁን አይሁን፣ ፎቶው ሥራውን ሠራ። የአሜሪካ ሞተረኛ ከዚያ ወዲህ ፊት አገኘ፤ የዱርዬ ፊት።

በ1953 ማርሎን ብራንዶ የተወነበት «ዘ ዋይልድ ዋን» የተባለ ፊልም ከዚያው ወሬ ተወልዶ መጣ። እንግሊዞች ወጣቶቻችንን ያበላሻል ብለው እስከ 1967 ድረስ በሲኒማ ቤቶቻቸው እንዳይታይ ከለከሉት። አስቂኙ ነገር ምን መሰላችሁ? የአሜሪካ ዱርዬ ምሳሌ የሆነው ብራንዶ በፊልሙ ውስጥ የሚነዳው የእንግሊዝ ሞተር ነው፤ ትራያምፍ! ምስል ለእውነት ግድ የለውም።

አንድ ዓመት፦ 1969

የዚህን ታሪክ ወገብ በአንድ ዓመት መያዝ ከተፈለገ ያ ዓመት 1969 ነው።

በዚያ ዓመት ኤስ ካፌ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሃርሊ ዴቪድሰን የቦውሊንግ መጫወቻ ዕቃ በመሥራት በሚታወቀው ኤ ኤም ኤፍ በተባለ ኩባንያ እጅ ገባ፤ ጥራቱም እየወረደ ሄደ። በዚያው ዓመት ሆንዳ ሲቢ 750 የተባለውን ሞተር ገበያ ላይ አወጣ፦ ጎን ለጎን የተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች፣ ከፊት የዲስክ ፍሬን፣ በእግር ሳይረገጥ በጣት ተጭነው የሚያስነሱት። ዘይት የማያንጠባጥብ ነበር፤ ዋጋውም ሲጀመር 1,495 ዶላር። ሆንዳ አይል ኦፍ ማን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1959 ነበር፤ በ1961 አሸነፈ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የእንግሊዝን ፋብሪካዎች ከጨዋታ ውጭ ማድረግ ጀመረ።

በዚያው ዓመት «ኢዚ ራይደር» የተባለው ፊልምም ወጣ። ሁለት ወጣቶች ሹካቸው በረዘመ፣ በተቆራረጡ ሃርሊዎች አሜሪካን ያቋርጣሉ። የአሜሪካ ባንዲራ የተሳለበት ታንከር ያለው ሞተር፣ «ካፒቴን አሜሪካ» የተባለው፣ ምናልባት በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቅ ሞተር ሳይክል ነው። ክሩዘር ወዳዱ ጓደኛዬ የስልኩ ስክሪን ላይ አድርጎታል።

«ማን ሠራው?» አልኩት። አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

የሠሩት ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ክሊፍ ቮን በዜጎች መብት ትግል ውስጥ ከተማሪዎቹ ኮሚቴ ጋር የሠራ፣ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው ነበር። ቤን ሃርዲ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጋራዥ የነበረው ባለሙያ ነበር። ፖሊስ በጨረታ የሸጣቸውን አሮጌ ሃርሊዎች ወስደው ቆረጡ፣ በየዱ፣ አስረዘሙ፣ ቀለም ቀቡ። በፊልሙ ላይ ግን ስማቸው አልተጻፈም። በፊልሙ ውስጥ ከሚታዩት ሞተረኞችም አንድ ጥቁር የለም። ሃርዲ በ1994 ሞተ፤ ስሙ በሰፊው መነሳት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቮን በሕይወት እያለ ጥቂት ምስጋና ደረሰው፤ በ2016 አረፈ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆሜ አሰብኩ። የነፃነት ምልክት ተብሎ በግድግዳ የሚሰቀል ነገር በእጃቸው የሠሩት ሰዎች፣ በዚያው ዘመን ነፃነትን በአደባባይ ሲጠይቁ የነበሩ ሰዎች ወገን ናቸው። ምስሉ ተሸጠ፤ እጆቹ ተረሱ። ከ1947ቱ ፎቶ ጋር አንድ በሽታ ነው፦ አንዱ ያልነበረውን ጨመረ፣ ሌላው የነበረውን ቀነሰ።

ያንኑ ፋብሪካ

ከዚያ በኋላ ያለው የገበያ ታሪክ ነው። በ1981 አሥራ ሦስት የሃርሊ ኃላፊዎች ተበድረው ኩባንያቸውን መልሰው ገዙ። በ1983 የፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥት ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ ከውጭ የሚገቡ ሞተሮች ላይ ቀረጡን ወደ 49.4 በመቶ ከፍ አደረገው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲወርድ ተብሎ። ጃፓኖቹ ምን አደረጉ? የ750 ሞተሮቻቸውን ወደ 700 አሳነሱ! ሃርሊ በበኩሉ አንሰራርቶ ቀረጡ ከጊዜው በፊት በ1987 እንዲነሳ ራሱ ጠየቀ።

ሃርሊ ያንሰራራው በትዝታ ጭምር ነው። በ1984 ያወጣው ሶፍቴይል የተባለው ሞተር ሲያዩት የኋላ ሞላ የሌለው የድሮ ሞተር ይመስላል፤ ሞላው ግን ሥሩ ተደብቋል። በቀጣዩ ዓመት ሱዙኪ ጂ ኤስ ኤክስ አር 750ን አወጣ፤ ሻንሲው አሉሚኒየም፣ ያለ ነዳጅ 176 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ከውድድር ሜዳ አምልጦ የወጣ የሚመስል። አንዱ ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ፊት ሮጠ። በ1999 ሱዙኪ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ሞተር ሠርቶ ሃያቡሳ አለው፤ በጃፓንኛ ጭልፊት ማለት ነው። ብዙ ሳይቆይ ፋብሪካዎቹ ከ300 ላለማለፍ በዝምታ ተስማሙ።

ጓደኞቼ ያላወቁት አንድ ነገር አለ። የጃፓን ፋብሪካዎች ክሩዘርም ይሠራሉ፤ የያማሃ ቪራጎ በ1981፣ የሆንዳ ሻዶው በ1983 ወጡ። ጓደኞቼ «እኔ» እና «አንተ» የሚባባሉበትን ነገር ያው አንድ ፋብሪካ ለሁለቱም ይሸጥላቸዋል።

ቁጥሩስ?

የሬሳ ሳጥኑ ጉዳይ ግን ቀልድ አይደለም። በ1981 ፕሮፌሰር ሃሪ ኸርት የመሩት የካሊፎርኒያ ጥናት ይፋ ሆነ። አጥኚዎቹ ሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር አደጋዎችን በቦታው ተገኝተው መርምረዋል። ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች በሁለት ሦስተኛው ያህል መንገድ የነፈገው ባለመኪናው ነበር፤ «አላየሁትም» ነው መልሱ። ከአደጋው በፊት የነበረው መካከለኛ ፍጥነትም በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ሄልሜት ያደረገና ያላደረገ ደግሞ ልዩነቱ የሰማይና የምድር።

በ2007 የአሜሪካ መድን ሰጪዎች የመንገድ ደኅንነት ተቋም ያወጣው ጥናት በጣም ፈጣን በሆኑት ስፖርት ሞተሮች ነጂዎች ላይ ያለው የሞት መጠን ከሌሎቹ አራት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። በፈጣኖቹ ሞት ውስጥ ፍጥነት ጎልቶ ታየ። ክሩዘር ወዳጅ ግን አይደሰት፤ በክሩዘር ሞት ውስጥ ጎልቶ የታየው መጠጥ ነው። የ1947ቱን የጠርሙስ ፎቶ አስታወስኩ። ፎቶው ገደላቸው አልልም። ሰው ግን ሞተር ሲገዛ አብሮ ተረት እንደሚገዛ፣ ተረቱም ሄልሜት እንደሌለው አሰብኩ።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው። አጥንታቸውን የሰጣቸው መንገድ ነው፤ በዚህ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ቀጥ ላለው ክሩዘር፣ ለኩርባው ስፖርት። ባህርያቸውን የሰጣቸው ግን ወሬ ነው፤ በዚህ ሁለቱም ተሸውደዋል። ምስል ስታዩ ጠርሙሱን ማን ደረደረው፣ ብረቱንስ ማን በየደው ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በ1994 ሃርሊ ዴቪድሰን የሞተሩን ድምፅ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ተፎካካሪዎቹ ተቃወሙ፤ በ2000 ማመልከቻውን አነሳ። ድምፁ የማንም ሳይሆን ቀረ ማለት ነው። አያቴ ይህን ብትሰማ ትስቃለች። እሷማ በነፃ ስም አውጥታለት ነበር።