ውሻን በማሰሪያ ማስኬድ

ውሻን በማሰሪያ ማስኬድ ውሻ ገመዱን ሳይጎትት ከሰው ጎን ረጋ ብሎ እንዲሄድ የማለማመድ ሥራ ሲሆን፣ የውሻ ሥልጠና አንዱ ክፍል ነው። «ና»፣ «ቁጭ በል» እና «ቆይ» ከሚሉት ትእዛዞች ጋር የመልካም ጠባይ መሠረት ተደርጎ ይቆጠራል። ቀላል ቢመስልም ብዙ ባለቤቶችን የሚያደክም ትምህርት ነው።

ውሻ ለምን ይጎትታል?

የውሻ እርምጃ በተፈጥሮው ከሰው እርምጃ ይፈጥናል፤ የመንገዱ ሽታ፣ ድመቱና ሌላው ውሻም ይስቡታል። ዋናው ምክንያት ግን መጎተቱ ስለሚሳካለት ነው። ገመዱን ወጥሮ ሊያሸተው ወደ ፈለገው ዛፍ ከደረሰ፣ ዛፉ ራሱ ሽልማት ሆነለት ማለት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው የድመቶች ጥናት፣ መልካም ውጤት ያስገኘ ድርጊት እንደሚደጋገም አሳይቷል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሸለም ድርጊት ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለመጥፋት እንደሚያስቸግር አረጋገጠ። ስለዚህ ዘጠኝ ቀን ከልክሎ በአሥረኛው ቀን ቸኩሎ በውሻው የተጎተተ ባለቤት፣ ሳያውቀው ውሻውን ያስተማረው ተስፋ ሳይቆርጡ መጎተትን ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ሲከለክል ሌላው ቢፈቅድም ውጤቱ ያው ነው።

አሠራሩ

ልምምዱ ጸጥ ባለ ቦታ፣ በቤት ውስጥ ወይም በግቢ ይጀመራል። ገመዱ ሲወጠር ሰውየው ይቆማል፤ መልሶ አይጎትትም፣ አይጮህምም። ውሻው ዞር ብሎ ገመዱ ሲላላ ጉዞው ይቀጥላል። ከእግሩ አጠገብ ሲሄድ ወዲያው ትንሽ ቁራሽ ምግብ ይሰጠዋል፤ ሽልማቱ ከዘገየ ውሻው ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበሩ ብዙም ላይርቁ ይችላሉ። ሰውና መኪና የሚበዛበት መንገድ የሚመጣው ቀስ በቀስ ነው፤ ለቡችላም ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

ቀድሞ በኃይል ማስገደድ የተለመደ ነበር። የጀርመኑ አሠልጣኝ ኮንራድ ሞስት እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ይጠቀሳል። አንገትን የሚያንቅ ሰንሰለት ውሻውን ለጊዜው ቢያቆመውም ሕመምና ፍርሃት ያስከትላል። ለሚጎትት ውሻ በደረቱ ዙሪያ የሚታሰር ማሰሪያ የአንገቱን ጫና ይቀንሳል፤ ሥልጠናውን ግን አይተካም።

ፈተና

አሜሪካን ኬነል ክለብ እ.ኤ.አ. በ1989 «ጥሩ ዜጋ ውሻ» የሚል ትርጉም ያለው፣ 10 ክፍሎች ያሉት ፈተና ጀመረ። ከክፍሎቹ መካከል በላላ ገመድ መሄድ፣ በሰዎች መካከል ማለፍና ሌላ ውሻ ሲያጋጥም መረጋጋት ይገኙበታል። በፈተናው ጊዜ ምግብ መስጠት አይፈቀድም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ብዙ ውሾች የግቢ ጠባቂዎች ናቸው፤ ቀን ታስረው ይውሉና ማታ ይለቀቃሉ። እንዲህ ያለ ውሻ ገመድን የሚያውቀው ለመታሰር እንጂ ለመሄድ አይደለም። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በክትባት ቀን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን ከሞት ማዳን የማይቻል ያህል ነው፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። ተይዞ መሄድን ያልለመደ ውሻ ግን ወደ ሐኪም ሲወሰድ ይታገላል፣ የያዘውንም ሊነክስ ይችላል፤ አንዳንዱም ሳይከተብ ይቀራል።